ሟቹ ሽማግሌ ላከ

ዲላ ውስጥ በስሜ የሚጠሩኝ እናቴና ባለቤቴ ብቻ ናቸው። ለቀረው ከተማ እኔ «ሟቹ» ነኝ። «ሟቹ፣ ና ሻይ ጠጣ» ይሉኛል። «ሟቹ ወፈር አላለም?» ይባባላሉ። አንድ ጊዜ ባንክ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ በስልኩ «ቆይ፣ ሟቹ ከፊቴ ቆሟል፤ ሰላም ልበለውና እደውልልሃለሁ» ሲል ለከተማው እንግዳ የሆኑ አንዲት ሴትዮ ሰሙ። አማተቡና ሰልፉን ጥለው ወጡ። ወረፋው አጠረልን፤ ያመሰገነኝ ሰው ግን የለም።

ስሙ ከሥራዬ የመጣ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሌላውን ጊዜ ከአንድ የቲያትር ክበብ ጋር በየትምህርት ቤቱ አዳራሽና በየገበያው እየዞርኩ እተውናለሁ። አብዛኞቹን ድራማዎች የሚያዙን መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ «ሕዝቡን አስተምሩልን» ይሉናል። ሕዝብ ደግሞ አንድ ሰው ካልሞተለት አይማርም። ስለዚህ ጠጥቶ ሞተር ሳይክል የሚነዳው እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ከግማሽ የሚያቋርጠው እኔ ነኝ። አሪቻ ላይ፣ ቡና ማጠቢያው አጠገብ፣ በእርጥብ እጁ የኤሌክትሪክ ገመድ ነክቶ የሞተው እኔ ነኝ፤ ባንኮ ጎቲቲ ላይ ደግሞ ጎርፍ ወስዶኛል። አዘጋጃችን አንድ ጊዜ ሌላ ልጅ ሊያስሞት ሞክሮ ነበር። ልጁ ሲወድቅ ገበያተኛው ሳቀ። «ያንተን ፊት ሰው ገና ሲያየው ማዘን ይጀምራል» ብሎ ወደ እኔ ተመለሰ፤ እኔም እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ አንዲት ቃል ላስታውሳችሁ። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በእኛ አገር «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር አንድ ሰው ነው፤ ዋናው። የቀረው ወይ ወንበዴ ነው፣ ወይ የአክተሩ ጓደኛ ነው፣ ወይ ዝም ብሎ ሰው ነው። ሕጉም የታወቀ ነው፤ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድ አይሞትም። ቢበዛ ክንዱን ትንሽ ቢነካው ነው፣ እሷንም ልጅቷ በሻሽ ታስርለታለች። ይህች ቃል ሚስት ልታሳጣኝ ነበር።

ምሕረትን ያወቅኳት እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ልጆቹ ቀለም የሚቀቡት የዝሆን ስዕል ልታባዛ መጣች። ማሽኑ ዝሆኑን ያለ ጆሮ አወጣባት፤ ተመልሳ መጣች። እኔም ማሽኑን ለማሠራት አልቸኮልኩም። በዚህ ዓይነት ተግባባን።

ለጋብቻ ስንነጋገር ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። ቤተሰቦቿ ያሉት ቡሌ ነው። አባቷ አቶ ዱካሌ እንሰት የሚያለሙ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። «አባቢ እምቢ ካለ እኔ አልኮበልልም» አለችኝ። «ከአንተ በፊት ሽማግሌ የላከ ባለ ሱቅ ነበረ። አባቢ ጨርሶ ሰማቸውና 'በሰላም ግቡ' አላቸው። በቃ፣ አለቀ። 'እንመክርበታለን፣ ተመለሱ' ካለ ግን ተስፋ አለ ማለት ነው።» እንግዲህ ዕድሌ በሁለት ቃል መካከል ተንጠለጠለ፤ «ተመለሱ» ከተባልን ሚስት አለኝ፣ «በሰላም ግቡ» ከተባልን ዝሆኑን ለሌላ አባዛለሁ።

ሽማግሌ ፍለጋ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሐጂ ሰማን ሄድኩ። ሐጂ አባታቸው ከወሎ መጥተው ዲላ የከፈቱትን ሱቅ የወረሱ፣ ሚኒባሶችም ያሏቸው፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኝ ነበር፤ ሐጂ ውሸት አይወዱም። ለሽምግልና የሄደ ሰው ልጁን ትንሽ ማሳመሩ ያለ ነው፤ እሳቸው ግን «ሀብታም ነው አልልልህም፤ ያለህን ግን አሳምሬ እናገራለሁ» አሉ። ሁለተኛው አጎቴ ሆነ። አጎቴ በእንዲህ ያለ ቦታ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ስለማይናገር ስለ እሱ ብዙ አላወራችሁም። ሽማግሌ ሦስት ሲሆን ያምራል ተባለና የሐጂ ሾፌር ፂሙ ስለሸበተ ብቻ የሐጂን ኮት ለብሶ ሦስተኛ ሆነ።

እኔ መሄድ አልነበረብኝም፤ ልጁ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ነው የሚጠብቀው። ግን የሐጂ ጉልበት ታማሚ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋል ብዬ በዚህ ሰበብ ከኋላ ወንበር ተወሸቅኩ። ዋናው ምክንያት ግን ዲላ ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ልቤ አለመቻሉ ነው።

ከዲላ ወደ ቡሌ መንገዱ እየወጣ፣ ብርዱም እየጨመረ ይሄዳል። ሐጂ በየጉብታው ጉልበታቸውን ይዘው «ያ አላህ» ይላሉ። እኔ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ቡሌን ከዚያ በፊት የማውቃት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም የሄድኩት ለመሞት ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በገበያ ቀን የሰካራሙን ባለ ሞተር ድራማ እዚያ አሳይተን ነበር። እንደ ልማዴ ተንገዳገድኩ፣ ወደቅኩ፣ ሞትኩ። ያን ቀን ሞቴ አምሮልኝ ነበር መሰለኝ፣ አንዲት እናት ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከእግር እስከ ራሴ ከደኑኝ። ከዚያ ራስጌዬ ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ድራማው አለቀ፣ ሰው ተበተነ፣ ጓደኞቼ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ሴትዮዋ አልተነሱም። እኔም ከነጠላው ስር አፍሬ ቀረሁ፤ ሰው እያለቀሰልህ እንዴት ብለህ ትነሳለህ? ጎረቤቶቻቸው ደግፈው ወሰዷቸው። ሩቅ መድረሳቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ተነሳሁና ነጠላቸውን እንዲያደርሱላቸው ለሻይ ቤቱ ባለቤት አደራ ሰጥቼ ወደ ዲላ ተመለስኩ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። አሁን በመኪናው መስኮት ያን ገበያ ሳይ አንገቴን ወደ ኮቴ ሳብኩ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ግቢው ገቡ። እኔ ከበሩ ራቅ ብሎ በቆመው መኪና ውስጥ ቀረሁ። ምሕረት ዓርብ ከሰዓት ቀድማን መጥታ ስለነበር ከማድቤት ሆና በስልክ መልእክት ትልክልኛለች።

«ገቡ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ «አልተቀመጡም» አለች። ይህ ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ግን የሐጂን ጉልበት አሰብኩና ጨነቀኝ። «አባቢ ልጁ ሥራው ምንድን ነው አለ።» «ሐጂ አክተር ነው አሉ።» ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። የመኪናው መስታወት በትንፋሼ ጭጋግ ለበሰ። በእጄ ጠረግኩት፤ መልሶ ለበሰ። ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«አባቢ አክተር ይሞታል ወይ እያለ ነው።»

ውስጥ የሆነውን በኋላ ከሐጂ አፍ ሰምቻለሁ፤ አጎቴም ራሱን እየነቀነቀ አጽድቆታል። አቶ ዱካሌ «አክተር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ይሄ ገበያ ላይ የሞተው ልጅ አይደለም ወይ?» አሉ። ለካ ያን ቀን እሳቸውም ዳር ቆመው ሲያዩ ኖሯል። ሐጂ ውሸት ስለማይወዱ «እሱ ነው» አሉ።

«አክተር ይሞታል እንዴ፣ ሐጂ?»

ይህ ጥያቄ ለሌላ ሽማግሌ ቀርቦ ቢሆን በዋዛ ያልፍ ነበር። ሐጂ ግን ድሮ ከሱቃቸው ጓሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ የአክተርን ሕግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዲላ አይገኝም። «አይሞትም» አሉ።

«እንግዲያው ወይ ልጁ አልሞተም፣ ወይ አክተር አይደለም» አሉ አቶ ዱካሌ። «መሞቱን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እዚህ ላይ ጉልበቴ ብቻ ሳይሆን ምላሴም ተያዘ» ብለውኛል ሐጂ። ይህን ጊዜ ሾፌሩ ሊረዳቸው ፈልጎ፣ ኮቱም የሰጠው ድፍረት ሳይኖር አይቀርም፣ «የአክተሩ ጓደኛ ነው» ብሎ ጣልቃ ገባ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አቶ ዱካሌ ወደ እሱ ዞሩና «ልጄን የሚፈልግ አክተሩ ነው ወይስ ጓደኛው ነው?» አሉት። ሾፌሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ልጁ የት አለ?» አሉ ቀጥለው። ሐጂ አሁንም ስለማይዋሹ «መኪና ውስጥ» አሉ።

«ና እየተባልክ ነው» ሲል የምሕረት መልእክት ደረሰኝ። ተከትሎም «ጫማህን ጥረግ» የሚል መጣ።

ስገባ ሦስቱም ቆመዋል። ሐጂ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈዋል። አቶ ዱካሌ ትንሽ ሰውዬ ናቸው፤ የሱፍ ኮፍያ አድርገው፣ ጋቢ ደርበው፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉኝ፤ ተቀመጥ ግን አላሉኝም። ወዲያው ከጓዳ የምሕረት እናት ወጡ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የነጠላዋ ሴትዮ ነበሩ። እሳቸውም አወቁኝና በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ሚስቴ እኮ አልቅሶልሃል» አሉ አቶ ዱካሌ። አማርኛቸው በሴትና በወንድ ብዙም አይጨነቅም። «አሁን ንገረኝ። አክተር ነህ?»

አዎ ብል በእሳቸው ዘንድ ውሸታም ነኝ። አይደለሁም ብል ሐጂን፣ በእርጅናቸው ጭቃ ያስረገጥኳቸውን ሰውዬ፣ ውሸታም አደርጋለሁ። ምሕረት ከማድቤት ጆሮዋን ጥላ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብስት «በሰላም ግቡ» ይመጣል። ብዙ ድራማ ላይ ጽሑፌን ረስቼ ፈጥሬ አልፌያለሁ። ያን ቀን የሚፈጠር ነገር አጣሁና እውነቱን ተናገርኩ።

«አይደለሁም፣ አባባ። አክተሩ ሌላ ልጅ ነው። እኔ የምሞተው ነኝ። ሐጂም አልዋሹም፤ የሚተውን ሰው ሁሉ አክተር የሚባልበት ቦታ አለ። እዚህ ግን አይባልም።»

«ሁልጊዜ አንተ ነህ የምትሞት?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«ከሞትክ በኋላስ?»

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «እነሳለሁ» አልኩ። «አቧራዬን አራግፋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገበያ ላይ ሌላ ሰው ሆኜ እመጣለሁ።»

አቶ ዱካሌ ኮፍያቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ተመላሹ» አሉ።

ሐጂ «ተመለሱ» ያሉ መስሏቸው ፊታቸው በራ፤ ከግድግዳውም እጃቸውን አነሱ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ግን አቶ ዱካሌ የሚያዩት እኛን አልነበረም። ከዚያ አንድ ታሪክ አወሩልን።

ልጅ ሳሉ ከቡሌ ወርደው ዘመድ ቤት ተጠግተው ዲላ ይማሩ ነበር። በዚያ መካከል አባታቸው ሞቱ። ቡሌ ወጥተው ቀብረው ወደ ትምህርታቸው ሲመለሱ የክፍል ጓደኞቻቸው ሊያጽናኗቸው ብለው ፊልም ወደሚታይበት አዳራሽ ወሰዷቸው። ፊልሙ የአሜሪካ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም። ፈረስ አለ፣ ሽጉጥ አለ፣ አክተሩ አለ። አንድ ራሰ በራ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሲያይ አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ባለ ሆቴል ደግሞ ነበረ። ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ገደሉት። ትንሹ ዱካሌ አለቀሱ። ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው፤ የሞተው አክተሩ እንኳ አይደለም እኮ።

በሳምንቱ ሌላ ፊልም መጣ። ጓደኞቻቸው እንደ ምንም ጎትተው ወሰዷቸው። አክተሩ ፂሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ፤ ፀጉር ቆራጩ ዞር ሲል ያ የሞተው ሰውዬ ነው። ያው ጆሮ፣ ያው ዓይን። ዱካሌ ከወንበራቸው ተነስተው በጌዴኦኛ «አለ» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ፊልም በመጣ ቁጥር ሰውዬውን ፍለጋ ይሄዱ ነበር። አንዳንዴ ዳኛ ሆኖ፣ አንዳንዴ ሰካራም ሆኖ፣ አንዳንዴ ፖስታ ቤት ተቀምጦ ያገኙታል። ይገድሉታል፤ ይመጣል። ልጆቹ ስሙን «ተመላሹ» አሉት። ሌላው የሚሄደው ለአክተሩ ነበር፤ እሳቸው ለተመላሹ።

«አባቴ ይመለሳል ብዬ አይደለም» አሉ አቶ ዱካሌ። «እንደዚያ ሞኝ አልነበርኩም። ግን ሞቶ የመጣ ሰው ማየት ደስ ይለኝ ነበር።»

ሐጂ የሙያ ነገር ሆነባቸውና «ምናልባት የፊልሙ ጥቅል ተቀያይሮ የኋላው ወደፊት መጥቶ እንዳይሆን» አሉ። አቶ ዱካሌ ቀና ብለው አዩአቸው። ሐጂ ወደ ጉልበታቸው ተመለሱ።

ከዚያ አቶ ዱካሌ ወደ እኔ ዞሩና «እስኪ ሙት» አሉኝ።

እኔ መሐላ መሰለኝ፤ እናንተም እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሰው ያልታመነ እንደሆነ «እስኪ ሙት» ይባላል። «እውነቴን ነው፣ አባባ» አልኩ። «እሱን አይደለም» አሉ። «ሙት። እንደ ገበያው ቀን። ያኔ ከወደቅክ በኋላ ሰው ጋርዶኝ እግርህን ብቻ ነው ያየሁት።»

ኮቴን ማውለቅ ጀመርኩ። ሥራዬ ነው፤ ከተጠየቅኩ እሞታለሁ። ግን በሩ አጠገብ የቆሙት ወይዘሮ አስቴር፣ የምሕረት እናት፣ ያኔ ተናገሩ።

«አይሞትም» አሉ። «ሽማግሌ ቆሞ፣ ልጄ በምትጠየቅበት ቀን፣ በቤቴ ሰው አይሞትም።»

ባለቤታቸው ድራማ ነው ሊሉ ሞከሩ። «ድራማ መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር» አሉ እሳቸው። «እንባዬ ግን አላወቀም።»

አንድ እጄ በኮቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ ቀረሁ። ብሞት እናቲቱን አጣለሁ፤ ባልሞት አባትየውን። ሾፌሩ አፉን ሊከፍት ሲል ሐጂ በክርናቸው ጎሰም አደረጉት።

ወይዘሮ አስቴር ወደ እኔ ቀረቡ። ትከሻቸው ላይ ያለችው ነጠላ ያቺው ነበረች። «ነጠላዬ ተመልሶ መጣ» አሉኝ። «ሰውዬው ግን ሲነሳ አላየሁም። እስከ ዛሬ ገበያ ስሄድ ዓይኔ እዚያ መሬት ላይ ይሄዳል። መሞትህን አይቻለሁ፤ አልፈልግም። መነሳትህን አሳየኝ።»

ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለመሞት ስንት ልምምድ አድርጌያለሁ። እንዴት እንደምንገዳገድ፣ በየትኛው ጎን እንደምወድቅ፣ ትንፋሼን እንዴት እንደምደብቅ አዘጋጃችን እየጮኸብኝ ተምሬያለሁ። መነሳትን ግን ማንም አስጠንቶኝ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ የተነሳሁት ሁሌም ሰው ፊቱን ካዞረ በኋላ፣ በሌብነት ነበር። አሁን የሽማግሌዎቹ ስድስት ዓይን ከላይ፣ የወይዘሮ አስቴር ዓይን ከቅርብ፣ የአቶ ዱካሌም ከወንበሩ እያየኝ ጣራው ላይ አፈጠጥኩ። ፈራሁ፤ መድረክ ላይ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በክርኔ ተደገፍኩ። አንሸራተተኝ። ደግሜ ተነሳሁና ቁጭ አልኩ። ፀጉሬን ዳሰስኩ፣ ትከሻዬ ላይ የሌለ አቧራ አራገፍኩ። ወይዘሮ አስቴርን ሳያቸው ከማንም ጽሑፍ ላይ የሌለ ቃል ከአፌ ወጣ። «አስለቀስኩዎት፣ እማማ። ይኸው አለሁ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ከዚያ እውነትም ትንሽ አለቀሱ። ከማድቤት አንድ የሚወድቅ ዕቃ ድምፅ ተሰማ። አቶ ዱካሌ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር፤ ራሳቸውም ሳያውቁት ነው የተነሱት መሰለኝ። በጌዴኦኛ አንዲት ቃል አሉ። ጌዴኦኛዬ የገበያ ቢሆንም ያቺን ቃል ለመረዳት ይበቃኝ ነበር።

«አለ» ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ሐጂ፣ ተቀመጡ» አሉ። ሐጂ ወጉን አስታውሰው ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን ቀድመው ተቀምጠዋል። «አክተር ቢሆን አልሰጠውም ነበር» አሉ አቶ ዱካሌ። «አክተር መሞት አያውቅም። ሞቶ የማያውቅ ደግሞ መመለስ አያውቅም። እንመክርበታለን። ተመለሱ።»

በዚያን ጊዜ ነው ቆጮና አይብ የቀረበው። አጎቴ ከበላ በኋላ በዚያ ቀን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቃል ተናገረ፤ «ይጣፍጣል» አለ።

አንባቢዎቼ፣ ተመለስን፤ ሠርጉም ሆነ። ያቺ ቀን ሚስት ብቻ ሰጥታኝ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩላችሁ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ድረስ በልቤ አክተር መሆን እፈልግ ነበር። በሞትኩ ቁጥር ከመሬት ሆኜ በአንድ ዓይኔ አክተሩን አየው ነበር፤ ሲጨበጨብለት፣ ከሴት ልጆች ጋር ፎቶ ሲነሳ። ቅናት ነበረብኝ። እናንተም በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ ታሪኩ የሌላ ሰው ሆኖ እናንተ ፀጉር ቆራጭ የሆናችሁበት ቀን አይጠፋም። ያን ቀን ከዳር አንድ ሰው አክተሩን ትቶ እናንተን ፍለጋ መጥቶ እንደሆነ አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ድራማው ሲያልቅ ሰው ሳይበተን እነሳለሁ፤ አቧራዬን አራግፌ ፊት የተቀመጡትን እናቶች እጅ እነሳለሁ። አዘጋጃችን ትምህርቱን አበላሸህ ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ሲያቅተው ተወኝ። ቡሌ ውስጥ ስሜ «ተመላሹ» ሆኗል። ዲላ ግን አሁንም ሟቹ ነኝ፤ ከተማ ቶሎ አይሰማም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ክረምት ያን አሜሪካዊ ፈለግነው። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የሚመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ የድሮ ፊልም የሚወድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጆሮውንና ዓይኑን ነገርኩት። ስንት ፊት በስልኩ ካሳየን በኋላ አንዱ ላይ ምሕረት «ቆይ» አለች። ስሙን ብጽፍላችሁ አታውቁትም፤ እሱም በሕይወቱ ፊቱን እንጂ ስሙን የማያውቁ ሰዎችን የለመደ ነው። ተማሪው እያነበበ ተረጎመልን። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበር። ጫማ ይሸጥ ነበር። በወጣትነቱ ራሰ በራ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ሽማግሌ አደረጉት። የሠራቸው ፊልሞች ዝርዝር ተጎትቶ አያልቅም፤ ከስሙ አጠገብ ግን የሚገኘው «ፀጉር ቆራጭ»፣ «ባለ ሆቴል»፣ «ሁለተኛው ሰካራም» ነው። በአንዱም ፊልም ሴት አልሳመም፤ ቤቱ ግን ከአንዲት ሚስቱ ጋር አርጅቶ፣ ዶሮ እያረባ ኖሯል። ከታች የሞተበት ዓመት ተጽፏል። ምሕረትና እኔ ቡሌ እስክንደርስ ለአባቷ መሞቱን እንንገራቸው አንንገራቸው እያልን ተከራከርን። የወሰንነው ነገር ሳይኖር ደረስን።

ፎቶውን በትልቅ ወረቀት አትሜ፣ ጆሮው እንዳይቆረጥ ተጠንቅቄ፣ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። አቶ ዱካሌ መነጽራቸውን አድርገው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ። ብዙ ጊዜ አዩት። እጃቸውን በራሰ በራው ላይ አሳለፉ። «እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«አለ?»

ምሕረት ወደ እኔ አየች። በዚያ ቤት አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ አላፈርኩም፤ ሁለተኛም መዋሸት አቃተኝ።

«ሞቷል፣ አባባ» አልኩ።

አቶ ዱካሌ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና በትዕግሥት አዩኝ።

«በየትኛው ፊልም?» አሉ።